ስንዴ የሌለበት ዳቦ

መጋረጃ ሰፊዋን ከባሏ ያፋታት ዳቦ ነው። እሷ የምትለው እንዲህ ነው፤ ለጠየቃትም ላልጠየቃትም። ሰው በመጠጥ ይፋታል፣ በንብረት ይፋታል፣ በአማት አፍ ይፋታል፤ እሷ ግን ባሏን የወሰደችው ሴት እንኳ የገባችው ዳቦው በሩን ከከፈተላት በኋላ ነው ብላ ሙግት ትገጥማለች። አብራት የምትሰፋው ታላቅ እህቷ ለቅሶ ቤት ተቀምጣ ሳይቀር የምትቀልድ ሴት ናት፤ ይህ ወሬ ሲነሳ ብቻ ቀልዷ ይነጥፍና መርፌዋን ወደ መስኮቱ አቅንታ ክር ለማስገባት ትታገላለች።

ነገሩ የጀመረው ከፍቺው አሥራ ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ ነው። ባልየው የረጅም መንገድ አውቶቡስ ሾፌር ነበር፤ ሳቂታ፣ ተጫዋች፣ በየመናኸሪያው ወዳጅ ያለው፣ ደግሞም ዳቦ ወዳድ። ዳቦ ወዳድ ሲባል እንደ ማንኛችንም እንዳይመስላችሁ። ለቁርስ ዳቦ፣ ለምሳ ከሾርባው ጋር ዳቦ፣ ከመቀመጫው ሥር ደግሞ ለመንገድ የተቋጠረ ዳቦ ነበረው። አንድ ቀን እየነዳ ሳለ ዓይኑ ብዥ አለበት። አውቶቡሱን ዳር አስይዞ፣ ተሳፋሪውን ለሌላ ሾፌር አስረክቦ ሐኪም ቤት ቢሄድ ስኳር አለብህ ተባለ። ነጭ ዱቄት የሚባል ነገር አፍህ እንዳይደርስ ተባለ። ቤቱ ገብቶ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠና ያ ግዙፍ ሰውዬ እንደ ሕፃን ተንሰቅስቆ አለቀሰ።

ሚስትየዋ ያንን ለቅሶ ማየት አልቻለችም። «እኔ እጋግርልሃለሁ» አለችው። «ስንዴ የሌለበት ዳቦ እጋግርልሃለሁ።» እንዴት እንደሚጋገር ግን እግዜር ይወቀው እንጂ እሷ አታውቅም ነበር።

በኮኮናት ዱቄት ጀመረች። ያ ዱቄት ውሃ አይጠግብም፤ ያፈሰሱበትን ሁሉ ጠጥቶ አሁንም አምጡ ይላል፤ ከኦቭን ሲወጣ ደግሞ እጅ ላይ ይፈረፈራል። ወደ አልሞንድ ዞረች፤ እሱስ ግሩም ነበር፣ ግን የመጋረጃ ሰፊ ኪስ የሚችለው አይደለም። ተልባ ፈጭታ በሙቅ ውሃ አራሰች፤ ተልባው ተያያዘና የሚቆረስ ሳይሆን የሚለጠጥ ነገር ወጣ። እህቷ ቀምሳ «ይኼማ የጫማ ሶል ይለጠፍበት» አለች። በመጨረሻ የተፈለፈለ የሱፍ አበባ ፍሬ ላይ ደረሰች።

ሱፉም ቢሆን ጠባዩን እስክታውቅ ድረስ አበሳዋን አሳያት። መፍጫው ውስጥ ብዙ ከቆየ ዘይቱን ይለቅና ዱቄት መሆኑ ቀርቶ ቅባት ይሆናል። ፈጨት አድርጎ ማቆም፣ ደግሞ ፈጨት፣ ከዚያ በወንፊት መንፋት ነው። ይህንን ተምራ የመጀመሪያውን ዳቦ ስትጋግር ጠዋት ቡናማ ሆኖ፣ አምሮ ወጣ፤ ከሰዓት በኋላ ስትቆርሰው ውስጡ አረንጓዴ ነበር። እንደ ሣር አረንጓዴ። ሻገተ ብላ ጣለችው። ሁለተኛውንም ጣለችው። ሦስተኛው ላይ ተቀምጣ አለቀሰች። ከዚያ በኋላ አንድ ቀን የእንቁላሉን ሽታ እንዲያጠፋላት ብላ ሊጡ ላይ ሎሚ ጨመቀችበትና ዳቦው እንዳማረበት ዋለ። ለካ ሱፍና ቤኪንግ ሶዳ ሲገናኙ ይጣላሉ፤ አረንጓዴው የጠባቸው ቀለም ነው። ሎሚ ሽማግሌ ሆኖ ከገባ ሰላም ይወርዳል።

ቀጥላ የማድ ቤት ሚዛን ገዛች። ዱቄቱን ትመዝናለች፣ ተልባውን ትመዝናለች፣ ብላ ብላ የባሏን ቁራሽ መመዘን ጀመረች። መጀመሪያ ላይ ባልየው ጉንጯን ቆንጠጥ አድርጎ «ሚዛኔ» ይላት ነበር። እየቆየ «ሚዛን» ብቻ ሆነ። ኋላ ጎረቤቱም ተቀበለውና ስሟ ሆኖ ቀረ። ሁለተኛ ቁራሽ ሊያነሳ እጁን ሲዘረጋ የሷም ዓይን አብሮ ይዘረጋል፤ እጁን ይሰበስባል። ስኳሩ ረጋ፣ ዓይኑ ጠራ፣ መሪውን እንደያዘ ዓመታት አለፉ። ስለ ዳቦው ግን አንድ ቀን እንኳ «ጥሩ ነው» ብሎ አያውቅም። አላምጦ፣ ውጦ ይነሳል።

የሄደ ዕለት ሻንጣውን በር ላይ አቁሞ «ባልሽ ነኝ እንጂ በሽተኛሽ አይደለሁም» አላት። «እዚህ ቤት ቁራሽ እንኳ በሚዛን ነው።» የሄደውም መናኸሪያ ውስጥ ትኬት የምትቆርጥ፣ በዕድሜ ብዙ የምታንሰው ሴት ዘንድ ነበር።

ይህ ከሆነ ሦስት ዓመት አልፏል። ሚዛን ያንን ሻንጣ ስታስበው ትውላለች። ትንሽ ብለቅለት ኖሮ፤ ሁለተኛዋን ቁራሽ እንዳላየሁ ባልፋት ኖሮ፤ ዳቦው ትንሽ ለስለስ ብሎ ቢሆን ኖሮ። አንድ ነገርም ትጠብቃለች፤ ከእህቷ አልሸሸገችውም። እንዲመለስ አይደለም፣ ያንንስ ትታዋለች። የምትጠብቀው አንድ ቃል ነው። «ለካ ያ ዳቦ ጥሩ ነበር» የምትል ቃል ከአፉ ወጥታ በሰው በኩል እንኳ ብትደርሳት፣ ያ ሁሉ ዓመት ሜዳ ላይ አልፈሰሰም ብላ ሆዷ ያርፍ ነበር።

ትኬት ቆራጯ የመጣችው ሥራ በበዛበት ጠዋት ነው። የፊተኛው ክፍል ውስጥ ሁለቱ የስፌት መኪናዎች ይንጫጫሉ፤ ረጅሙ ጠረጴዛ ላይ የአንድ ሆቴል መጋረጃ ተዘርግቷል፤ ወለሉ በቁርጥራጭ ጨርቅ ተሞልቷል። ልጅቷ ደፉ ላይ ቆማ ግራ ቀኝ አየች። ቀድማ ያወቀቻት፣ መናኸሪያ አይታት የነበረችው እህትየዋ ናት። የመኪናዋን ጎማ በእጇ ያዝ አድርጋ አቆመችና፣

«አየሽልኝ?» አለች ድምጿን ሳትቀንስ። «ዓይኗን በጨው አጥባ መጣች እኮ!»

ሚዛን ቀና አለች። በሐሳቧ ስትጣላት የኖረችው ሴት ከንፈሯን የተቀባች፣ በሳቋ ቤት የምትሞላ ዓይነት ነበረች። ደፉ ላይ የቆመችው ግን ከሲታ፣ እንቅልፍ ያጣች፣ የቀኝ እጇ ጣቶች በማኅተም ቀለም የጠቆሩ ልጅ ናት።

«እንደምን አደሩ፣ እትዬ» አለች። «ቢያባርሩኝ አልፈርድብዎትም።»

«ማን አባረረሽ። ተናገሪ።»

«እግሩ ላይ ቁስል ወጥቶበት አልድን ብሏል። ዓይኑም ስለደከመ ከመሪ አንስተውታል። ሐኪሙ ዳቦ ተው ቢለው እምቢ አለ። እኔ ስደብቅበት እሱ ከሱቅ ያስገዛል። እርስዎ ስንዴ የሌለበት ዳቦ ይጋግሩለት ነበር ሲባል ሰምቼ… ያሳዩኝ ብዬ ነው።»

እህትየዋ ሳቀች፤ ደግ ሳቅ አልነበረም። «አልጠግብ ባይ ሲተፋ ያድራል! ሦስት ዓመት ያንን ነጭ ዳቦ ሲያግበሰብስ ከርሞ ዛሬ ትዝ አልነው? ከሞኝ ደጃፍ ሞፈር ይቆረጣል ማለት ይኼ ነው። ባሏን ወሰድሽ፤ አሁን ደግሞ ሙያዋን ልትወስጂ መጣሽ?»

«ተይ እህት ዓለም» አለች ሚዛን፤ ዓይኗን ግን ከልጅቷ ላይ አላነሳችም። «እሱ ነው የላከሽ?»

«አያውቅም። ሥራ ገባሁ ብዬው ነው የመጣሁት።»

«ታዲያ የዳቦውን ነገር ማን ነገረሽ?»

ልጅቷ ጣቶቿን አየች። «እሱ ነው። አንዳንዴ ያነሳዋል።»

«ምን እያለ?»

«እንዲሁ ነው፣ እትዬ። ይጋግሩለት እንደነበር።»

ያነሳዋል! ሚዛን ከዚህ ሁሉ ንግግር ውስጥ የሰማችው ይህችን ብቻ ነው። ቁስሉም፣ ዓይኑም፣ የእህቷ ተረትም በአንድ ጆሮዋ ገብቶ በሌላው ወጣ። ከሦስት ዓመት በኋላ፣ በሌላ ሴት ገበታ ላይ ተቀምጦ፣ የሷን ዳቦ ያነሳል። መቀሱን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችና «ነይ ወደ ማድ ቤት» አለቻት።

ማድ ቤቱ ጠባብ ነው፤ ሁለት ሰው ከቆመበት ሦስተኛው በር ላይ ይቀራል። ሚዛን ሱፉን ከጣሳው አወጣች፣ መፍጫውን አቀረበች፣ አንዴ ፈጭታ አሳየቻትና ቦታውን ለቀቀችላት። ልጅቷ ስትፈራ ስትቸር ጀመረች፤ ቶሎ ግን ገባት።

«አየሽ፣ ድምፁ ከበድ ሲል ነው የምታቆሚው» አለች ሚዛን። «ከዚያ ወዲያ ዘይቱን ይለቅብሻል። አሁን ንፊው። ወንፊቱ ላይ የቀረውን አትጣይው፣ መልሰሽ ፍጪው። ተልባውን ደግሞ በፈላ ውሃ አርሰሽ ተይው፤ ሰፋፊ አረፋ እያወጣ ሲወፍር ያኔ ደርሷል።»

«እትዬ፣ እርስዎ ይኼን ሁሉ ብቻዎን ነው ያወቁት?»

«ማን ያስተምረኛል? እያበላሸሁ ነዋ።»

ልጅቷ ሳቀች። ሚዛንም መሳቅ ዳድቷት ነበር። እውነቱን እንነጋገር ከተባለ ሙያዋን እንዲህ በጉጉት የጠየቃት ሰው እስከዛሬ አልነበረም፤ ባሏን የወሰደች ሴት ሆና ባትመጣ ኖሮ ልትወዳት ትችል ነበር። ዱቄቱን በላስቲክ ቋጠረችላትና ሊጡን ቤቷ እንድታቦካ፣ እንቁላሉ ስንት፣ ዘይቱ ስንት፣ ቤኪንግ ሶዳው ስንት እንደሆነ እየነገረቻት ሳለ የልጅቷ ስልክ ጮኸ።

በዚያ ጠባብ ማድ ቤት ውስጥ የስልክ ድምፅ መደበቂያ የለውም።

«ሆዴ» አለ የሾፌሩ ድምፅ። «የት ጠፋሽብኝ? ያለ አንቺ እኮ ቀኑ አልገፋ አለኝ።»

ልጅቷ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ፣ ድምጿን ቀንሳ «መጣሁ፣ መጣሁ» አለችውና ዘጋችው። ሚዛን የቆመችበት ደርቃ ቀርታለች። ድምፁን አውቃዋለች፤ እንዴት አታውቀውም። ቃናውን ግን አላወቀችውም። ያ ሰው ለሷ «ሸሚዜ የት ሄደ»፣ «ነገ ቶሎ ነው የምነሳው» ይል ነበር። እንዲህ ተለማምጦ፣ እንዲህ ተልፈስፍሶ ሲናገር በትዳር ዘመኗ ሰምታው አታውቅም። እጇ በመስኮቱ በኩል ወዳለው የሎሚ ሳህን ሄዶ ነበር፤ መንገድ ላይ ቆመና ተመለሰ።

«ሌላ የሚጨመር አለ፣ እትዬ?»

«የለም» አለች ሚዛን። «በቃ ይኼው ነው።»

በማግስቱ ሥራዋን ስትሠራ ደህና ነበረች። በሦስተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ ልጅቷ መጣች፤ በጋዜጣ የተጠቀለለ ዳቦ በሁለት እጇ ይዛ፣ ፊቷ በእንባ ታጥቦ። ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ ገለጠችው። በተቆረሰው በኩል አረንጓዴ ነው።

«መርዝ ሆኗል፣ እትዬ! ምን እንዳበላሸሁ አላውቅም። ያሉኝን አንድም ሳላስቀር ነው የሠራሁት። እግዜር ሲያወጣው ቀድሜ ቆረስኩት እንጂ በእጄ ልገድለው ነበር!» እንባዋን በእጇ ጀርባ ጠረገች። «እሱ ደግሞ ይራበኛል ይላል። ሲቆጣ አይደለም የሚያስፈራኝ። ዝም ሲል ነው። እግሬን ይቆርጡኛል ብሎ ዝም ሲል።»

የሚዛን ፊት በሃፍረት ጋለ። ከዚህች ልጅ ላይ ምን ልትወስድ ነበር? ዳቦውን አንስታ ከአረንጓዴው ቆርሳ አፏ ውስጥ ከተተችው፤ አላምጣ ዋጠችው።

«መርዝ አይደለም። አየሽ፣ በላሁት። ቀለም ብቻ ነው። ሎሚ መጨመር ነበረበት። እኔ ነኝ፣ ረስቼ ሳልነግርሽ ቀረሁ።»

«ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ» አለች እህትየዋ ከመኪናዋ ላይ ሳትነሳ፣ ለራሷ እንደምታወራ ሁሉ። ሚዛን የሰማች አልመሰለችም።

«ተቀመጪና ሻይ ጠጪ» አለቻት ልጅቷን። «ዛሬ እኔው ጋግሬ እሰጥሻለሁ።»

እና ጋገረች። ሦስት ዓመት ሙሉ ለማንም ያልጋገረችውን ጋገረች። ሱፉን ሦስት ጊዜ ነፋችው። እንቁላሉን ነጩን ለብቻ መታችው፤ በጥድፊያ ቀን የምታልፈው ነገር ነው፣ ዛሬ ግን አላለፈችውም። ሎሚውን ጨመቀች፣ ፍሬ እንዳይገባ በጣቶቿ አጠለለች። ሊጡን መጋገሪያ ቆርቆሮው ላይ ገልብጣ በእርጥብ ማንኪያ ጀርባውን አለሰለሰችው፤ እንደ ድሮዋ፣ ከዳር ወደ መሐል። ኦቭኑ ፊት ቆማ በመስታወቱ ውስጥ ሲነፋ ስታየው እህቷ በር ላይ መጥታ ቆመች።

«ለማን ነው እንዲህ መሽቆጥቆጡ?»

«ለበሽተኛ ነው።»

«እሱንማ አይቻለሁ፤ በሽተኛዋማ ፊቴ ቆማለች» አለች እህቷና ወደ መኪናዋ ተመለሰች።

ዳቦው ወጣ። ትኩሱን እንዳትቆርሰው፣ በደንብ ሳይበርድ ቢላ ካገኘው እንደሚፈረፈር ለልጅቷ ነገረቻት። በንጹሕ ፎጣ ጠቅልላ ስታስረክባት ልጅቷ እጇን ይዛ ሳመቻትና፣

«ከእርስዎ ነው ልበለው?» አለች።

ሚዛን መልሷን ለረጅም ጊዜ ያዘጋጀችው ይመስል ፈጥና መለሰች። «አትበይው። ምንም አትበይ፣ ዝም ብለሽ አቅርቢለት።»

አያችሁ፣ ሰው ሞኝ የሚሆነው እንዲህ ነው። ከነገሩት ምኑን አወቀው፤ ራሱ ይወቀው ብላ ነው። አሥራ ሁለት ዓመት የበላ ምላስ አይረሳም አለች በልቧ። አንድ ጊዜ ይጎርሳል፣ ማላመጡን ያቆማል፣ ልጅቷን ቀና ብሎ ያያትና «ይኼ የሷ እጅ ነው» ይላል። ከዚያ በኋላ የሚለውንም እሷው ትሞላለታለች፤ አንዴ «በድያታለሁ» ታሰኘዋለች፣ አንዴ ምንም ሳታናግረው ዓይኑን በእንባ ትሞላዋለች። በእነዚያ ቀናት የሰፋችው የመጋረጃ ጠርዝ ሁሉ ተጣመመ።

«ይኼ ጠርዝ ነው ወይስ የእባብ መንገድ?» ትላለች እህቷ፣ እየፈታችላት።

ልጅቷ የመጣችው እሑድ ነው። መኪናዎቹ ዝም ያሉበት ቀን ቢሆንም ሁለቱ እህትማማቾች የሆቴሉን መጋረጃ በእጅ እየቀመቀሙ ነበር። ገና ከበሩ ፊቷ ሲያበራ ሚዛን አየችና መርፌዋን እንደያዘች ብድግ አለች።

«በላ?»

«በላ! እትዬ፣ በላ! አንድ ቁራሽ ሰጠሁት፣ ደግሞ ጠየቀ። ስኳሩን ብለካው ከፍ አላለም። ትናንትም በላ፤ ከሱቅ አምጡልኝ ማለቱን ተወ። ሐኪሙ እንዲህ ከቀጠለ እግሩ ይድናል አለ።»

«ተመስገን» አለች ሚዛን፤ ከልቧ ነው። «ምን አለ ግን? ሲበላው?»

«እጅ ያስቆረጥማል አለ!»

ሚዛን መርፌውን ጨርቁ ላይ ሰካችው። ያ ሰው፣ በዕድሜው አንድ ጊዜ «ጥሩ ነው» ብሎ የማያውቀው ሰው፣ እጅ ያስቆረጥማል አለ።  «የማን እጅ እንደሆነስ… አልጠየቀም?»

በልጅቷ ፊት ላይ የነበረው ብርሃን ቀስ ብሎ ጠፋ። «የኔ መስሎታል።»

«እሱማ አትበይው ብዬሻለሁ። ምን አለ ታዲያ?»

«ይቅርብዎት፣ እትዬ።»

«ንገሪኝ።»

«አይጠቅምዎትም።»

«በሞቴ ንገሪኝ!»

ልጅቷ ወንበሩ ጫፍ ላይ ተቀመጠች። ስትናገር የጠቆሩ ጣቶቿን እያሻሸች ነው። «‘አየሽ አይደል?’ አለኝ። ‘ያቺ አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ ሰጋቱራ ስታበላኝ ነው የኖረችው። የሚወዱት ሰው እጅ ሲነካው ግን እንዲህ ዳቦ ይሆናል’ አለ። በፊትም ዳቦዎን ሲያነሳ እንዲህ እያለ ነው የሚያነሳው። ያኔ ሲጠይቁኝ እንዴት ብዬ ልንገርዎት?»

ከእህትየዋ ጉልበት ላይ መጋረጃው ተንሸራትቶ ወለሉ ላይ ወደቀ፤ አላነሳችውም።

«ልነግረው ነበር» አለች ልጅቷ፣ ማልቀስ ጀምራ። «የሷ ነው ልለው አፌ ላይ ደርሶ ነበር። እርስዎ አትበይው ስላሉኝ… አይ፣ ለምን እዋሻለሁ። ደስ ብሎኝ ነው። እንደዚያ ሲለኝ ደስ አለኝና ዝም አልኩ። ደስ በማለቴ ደግሞ እንቅልፍ አጣሁ። የመጣሁት ለዚህ ነው፤ ቢሰድቡኝ እንዲቀለኝ።»

ሚዛን አልሰደበቻትም።

«እኔ የማይገባኝ» አለች ልጅቷ፣ «ያው ዳቦ ነው። ያው እጅ ነው። አንድም ነገር አልተለወጠም። እንዴት አድርጎ ነው የጣፈጠው? ምን ማለት ነው፣ እትዬ?»

ሚዛን ልጅቷን አየቻት። ይህች ልጅ አታውቀውም፤ እውነት አልገባትም። በሽተኛ አስታማሚ ሆና፣ ቀን ትኬት ስትቆርጥ ውላ ማታ ቁስል ስታጥብ፣ ይህንን ነገር የነገራት ሰው የለም።

«ይወድሻል ማለት ነው» አለቻት። «ሌላ ምን ይሆናል።»

ቃሉን ስትለው ረጋ ብላ ነው። ከአፏ ከወጣ በኋላ ነው ምን እንዳለች የሰማችው። የሱፉ ዱቄት ያው፣ ሎሚው ያው፣ ቆርቆሮው ያው፣ ከዳር ወደ መሐል ያለሰለሰው ማንኪያ ያው፤ የተለወጠው ሳህኑን ይዛ የገባችው ሴት ብቻ ናት። ሦስት ዓመት ሙሉ ዳቦው ላይ ፈርዳ ነበር። ዳቦ የሚሻሻል ነገር ነው፤ ትንሽ ቢለሰልስ፣ ቁራሹ ትንሽ ቢወፍር፣ ሁለተኛዋን ቁራሽ ዝም ብትለው ኖሮ ማለት ይቻላል። አሁን የሚሻሻል ነገር አልቀረም። ገና ሲያለቅስ ያየችው ዕለት፣ ገና ስትጀምር፣ የፈለገችውን ብትጋግርለት አይጣፍጠውም ነበር። ልቧ ተሰበረ፤ ባልየው ሻንጣውን አንስቶ የወጣ ቀን እንኳ እንዲህ አልተሰበረም። ያን ጊዜ ቢያንስ ጥፋተኛ ነበረች። ጥፋተኛ ሰው «ባላጠፋ ኖሮ» የሚላት ነገር ትቀረዋለች።

«ነይ» አለች ተነስታ። «ዛሬ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አንቺ ትሠሪዋለሽ። እኔ እጄን አላስገባም። ሁልጊዜ እየመጣሽ ልትወስጂ አትችይም።»

ልጅቷን ማድ ቤት አስገብታ ሁሉንም አሳየቻት፤ አንድም አላስቀረች። ስትሳሳት እጇን መለሰች፣ ሲበዛ አስቀነሰች፣ ኦቭኑን ራሷ እንድትከፍት አደረገች። ሻይ አጠጣቻት። የበረደውን ዳቦ ልጅቷ ራሷ ቆረሰችው፤ ውስጡ ቡናማና ንጹሕ ነው። «ወጣልሽ» አለቻት። እግሩን በለብታ ውሃ እንጂ በሙቅ ውሃ እንዳታጥበው ሳይቀር ነግራት እስከ በር ሸኘቻት፤ ልጅቷ መንገዱን ተሻግራ ከዓይኗ እስክትጠፋ ቆመች። ከዚያ በሩን ዘጋች።

ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም ይባላል። እንባ አልገደዳትም። ለመሄዱ ሳታለቅሰው የቀረችውን፣ ንዴት ነው ብላ የዋጠችውን፣ ሁሉንም በአንድ ላይ አለቀሰችው፤ በሆቴሉ መጋረጃ ፊቷን ሸፍና፣ ጨርቁ ይበላሻል ብላ ሳትሳቀቅ። እህቷ መርፌዋን አስቀመጠች። ከዚያ ወንበሯን እየጎተተች መጥታ አጠገቧ ተቀመጠችና ጀርባዋን ማሻሸት ጀመረች። ሚዛን አንድ ቀልድ ጠበቀች፤ ከዚህች ሴት ሌላ ነገር ጠብቃ አታውቅም። ቀልዱ አልመጣም።

«ዳቦው አይደለም እኮ» አለች ሚዛን በመጨረሻ፣ ከጨርቁ ውስጥ። «እህት ዓለም፣ ዳቦው አልነበረም።»

«አውቃለሁ» አለች እህቷ።

«ከመቼ ጀምሮ?»

እህቷ ወንበሯን ይበልጥ አስጠጋች። ማሻሸቱን ቀጠለች።